ወደ ሱሉልታ በብስክሌት፤ ምን ልልበስ?

እሑድ ማለዳ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወደ ሱሉልታ የሚወስደውን መንገድ ይዘው ከሆነ፣ አጎንብሰው ፔዳል የሚረግጡ ብስክሌተኞች ሳያጋጥሙዎት አይቀሩም። አንዱ ሰውነቱ ላይ የተጣበቀ የውድድር ልብስ ለብሷል፣ ሌላው የእግር ኳስ ማሊያና የቤት ቱታ። እርስዎም «እኔስ?» ብለው ብስክሌት ለመግዛት አስበው ይሆናል፤ ወይም ገዝተው፣ ሁለቴ ነድተው፣ በረንዳ ላይ አቁመውታል። ለምን እንዳቆሙት የጠየቅኋቸው ወዳጆቼ ስለ እግራቸው ድካም ብዙም አያነሱም። ዝቅ ባለ ድምፅ የሚያወሩት ስለ መቀመጫቸው ነው።

ስለዚህ ከዚያው እንጀምር። ጂንስ ሱሪ ለብስክሌት አይሆንም። በሁለቱ እግሮች መሐል ስፌቶቹ የሚገናኙበት ወፍራም ቋጠሮ አለው፤ እርስዎ ደግሞ ለአንድና ለሁለት ሰዓት የሚቀመጡት እዚያ ቋጠሮ ላይ ነው። የብስክሌት ቁምጣ የተሠራው ይህን ለማስቀረት ነው። ጨርቁ ይለጠጣል፣ መሐሉ ላይ ስፌት የለበትም፣ ከውስጥ ስፖንጅ መሰል ንጣፍ ተሰፍቶለታል። ብዙ ሰው ሲሰማው የሚደነግጥበት ነገር ቢኖር ከሥሩ የውስጥ ሱሪ አለመለበሱ ነው። የውስጥ ሱሪ ከተጨመረ ስፌቱም ላብ የያዘው ጥጥም ተመልሶ ይመጣል፣ ቁምጣው የተገዛበት ምክንያትም ይቀራል። ታዲያ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ መታጠብና ተገልብጦ ፀሐይ ላይ መሰጣት አለበት፤ «ነገም እለብሰዋለሁ» የሚባል ነገር የለም።

አዲሱ ውድ ከሆነብዎት ሰልባጅ ውስጥ አልፎ አልፎ ይገኛል። ሲያገኙ ንጣፉን በአውራ ጣትዎ ጫን አድርገው ይልቀቁት። ጎድጉዶ ከቀረ ዕድሜውን ጨርሷል፣ ይተዉት። የንጣፉ ውፍረት አያታልልዎት፤ በጣም የወፈረው ጭን መሐል እየተጠቀለለ ይፈትጋል። የሴትና የወንድ ንጣፍ ቅርጹ የተለያየ ስለሆነ የባለቤትዎን ቁምጣ መዋስም አያዋጣም። ሲለኩ ቀጥ ብለው ቆመው በመስታወት አይዩት። ልክ መሪ እንደያዘ ሰው ጎንበስ ይበሉ። ወገቡ ጀርባዎን ካላጋለጠ፣ ጉልበትዎ አካባቢ ደም የሚያስር ካልሆነ ልክዎ ነው። ጥብቅ ልብስ ለብሶ በሰፈር ማለፍ የሚከብዳቸው፣ በተለይ እህቶቻችን፣ ከላዩ ሰፋ ያለ ቁምጣ ወይም አጭር ቀሚስ ቢደርቡበት ምቾቱ አይቀንስም። ረጅም ቀሚስ ግን ሰንሰለትና ጎማ ውስጥ ይገባል። (አንድ ነገር ልጨምር፤ ቁምጣው ጥሩ ሆኖ ሕመሙ ካልለቀቀዎት ልብሱን ትተው የኮርቻውን ከፍታ ያስመርምሩ።)

አሁን ወደ ዳገቱ። የእንጦጦ ጫፍ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በግማሽ ዲግሪ ትንሽ በለጥ ብሎ ይወርዳል፤ መሐል ከተማ ለቁርስ ሲነሱ የተሰማዎት አየር እላይ አይጠብቅዎትም። ችግሩ ግን ሽቅብ ሲወጡ አይታወቅም፣ ያልብዎታል እንጂ። እኔም በኅዳር ወር አንድ ማለዳ የጥጥ ካኔተራ ብቻ ለብሼ ወጣሁ። ጫፉ ላይ ስደርስ ካኔተራው ተጨምቆ ውኃ የሚወጣው ሆኗል። ቁልቁለቱን ስጀምር ነፋሱ ያን እርጥብ ጨርቅ ደረቴ ላይ ለጠፈው፤ መንገዱ ሳይጋመስ ጣቶቼ ደነዘዙ። ከፊቴ አንድ ሲኖትራክ ቀስ ብሎ ወደ ዳር ሲወጣ ፍሬኑን ልይዝ አልኩ፣ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። በመዳፌ ገፍቼ አቆምኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጓንት ሳልይዝ ከቤት አልወጣም።

ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ የጠጣውን ግን ቶሎ አይለቅም። ፖሊስተር ላቡን ወደ ውጭ አውጥቶ ይደርቃል፤ ለዚህ ነው ያ የእግር ኳስ ማሊያ የለበሰ ልጅ ካሰብነው በላይ ብልህ የሆነው። ሱፍ ደግሞ እርጥብ ሆኖ እንኳ ሙቀት ይይዛል። ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ በጎዳና ብስክሌት ሲወዳደር የዘመኑ ብስክሌተኞች ማሊያ በአብዛኛው ሱፍ ነበር። ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ግን ልብሱ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ፣ እንደ ቆዳ የሚለጠፍ ሆኗል። እኛ ከሁለቱም መውሰድ እንችላለን፤ ከሥር ስስ ማሊያ፣ ከላይ ከሰልባጅ የተገኘ ስስ የሱፍ ሹራብ፣ ኪስ ውስጥ ደግሞ ተጣጥፎ የሚገባ የነፋስ ጃኬት። ጃኬቱ የሚለበሰው ጫፉ ላይ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ከረሱት ከሱቅ ጋዜጣ ገዝተው ደረትዎ ላይ፣ ከማሊያው ሥር ይክተቱ። የአውሮፓ ተወዳዳሪዎች የአልፕስን ቁልቁለት ለብዙ ዘመን የወረዱት እንዲሁ ነው።

ቡራዩና ሰበታ ይህን ያህል አያስፈሩም። በአስኮ በኩል ወደ ቡራዩ ሄደው ገፈርሳ ግድብ ድረስ ሲዘልቁ ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ነፋስ የሚገባበት ሰፊ ማሊያ እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ ጉልበት ይበላል፤ ጠበብ ያለ ይሻላል። በአየር ጤናና በዓለም ገና አድርገው ወደ ሰበታ ሲወርዱ ደግሞ ዋናው ጉዳይ የጭነት መኪናው፣ አቧራውና ፀሐዩ ነው። በእኛ ከፍታ ቀዝቃዛ አየር ያዘናጋል እንጂ ፀሐዩ ያቃጥላል። ስስ እጅጌ ያለው ልብስና መነጽር እዚህ ያስፈልጋሉ። ጥቁር ልብስ በዚህ መንገድ ላይ አልመክርም። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ዋጋው ትንሽ ነው፤ በክረምት ጭጋግ ወደ ሱሉልታ ለሚወጣ ደግሞ ከሁሉም ጃኬት ይበልጣል።

ልጅዎ አብሮዎት የሚነዳ ከሆነ «ያድግበታል» የምንለውን ልማድ ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይተዉት። ሰፊ የሱሪ እግር ሰንሰለት ውስጥ ይገባል፤ ከሌላ አማራጭ ካጡ ቀኝ እግሩን በካልሲ ውስጥ ይክተቱለት፣ የጫማውን ክርም ወደ ውስጥ ይወትፉት። ሄልሜት ከሁሉ ይልቅ በልክ የሚገዛ ነው። ከቅንድቡ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ መቀመጥ፣ ራሱን ሲወዘውዝ አለመንሸራተት አለበት። ፀጉሯን ለተሠራች ልጅ ሹሩባው ወደ ኋላና ወደ ታች የወረደ ቢሆን ሄልሜቱ በደንብ ይገጥማል፤ ጉንጉኑ አናቷ ላይ ከሆነ ግን አይቀመጥም። የሚሸፍኑም ስስ ሻሽ ወይም ሂጃብ አድርገው፣ ጫፉን ልብሳቸው ውስጥ ከትተው ከላዩ ያጥልቁ።

ሱሉልታ ደርሰው ሻይ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ሻዩን አይዘዙ። በፌስታል ጠቅልለው የያዙትን ደረቅ ካኔተራ ይዘው ወደ ጓዳ ይግቡና እርጥቡን ይቀይሩ። እርጥቡን በዚያው ፌስታል ይቋጥሩት። ሻዩ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ለመመለሻውም ያው ዳገት ከዚህኛው ወገን ይጠብቅዎታል።