አንጎል እስከ ምን ድረስ ይመሰክራል?

በደብረ ማርቆስና በዙሪያው፣ እንደ ሌላው አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ፣ ‹‹ሴታ ሴት›› እና ‹‹ወንዳ ወንድ›› እንላለን። ሕዝብ አይቶት ለማያውቀው ነገር ስም አያወጣም። ሳይመን ሜሲንግ የተባለው አንትሮፖሎጂስትም እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ ደጋው አማራ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት እንዲህ ያሉ ሰዎችን አንስቷል። ቃላቱ ግን የሚገልጹት አካሄድንና አነጋገርን ነው። ወንድ ተብሎ የተወለደ ሰው ‹‹ሴት ነኝ››፣ ሴት የተባለችው ደግሞ ‹‹ወንድ ነኝ›› ስትል ጉዳዩ ከአካሄድ ያልፋል። ዛሬ ትራንስጀንደር የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው?

አንዱ መላምት እንዲህ ይላል፤ የጽንስ የመራቢያ አካል የሚለየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲሆን፣ ሆርሞን አንጎልን የሚቀርጸው ግን ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ላይገጥሙ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ወንድ ተብለው ተወልደው በሴትነት የኖሩ 6 ሰዎችን አንጎል ከሞቱ በኋላ መርምረው፣ አንዲት ትንሽ ክፍል በመጠኗ እንደ ሴቶቹ ሆና አገኟት።

ይህ ማስረጃ ግን መስቀለኛ ጥያቄ ይነሳበታል። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሆርሞንም ወስደዋል። በ2006 የወጣ ጥናት ሆርሞን በጥቂት ወራት ውስጥ የአንጎልን መጠን እንደሚለውጥ አሳየ። በ2002 ደግሞ የዚያችው ክፍል የወንድና የሴት ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ከጉልምስና በኋላ መሆኑ ታወቀ፤ ብዙዎች ስሜቱ የሚጀምራቸው ግን በልጅነት ነው። በ2012 የታተመ የመንትዮች ግምገማ ከ23 አንድ ዓይነት መንትዮች በ9ኙ ሁለቱም ትራንስጀንደር እንደሆኑ፣ ከ21 ተመሳሳይ ፆታ ካላቸው ሌሎች መንትዮች ግን በአንዱም እንዳልታየ ዘግቧል። እንግዲህ ተፈጥሮ እጇ ሳይኖርበት አይቀርም፤ ብቻዋን ወሳኝ ናት ግን አያሰኝም። የአንጎል ፎቶ አንስቶ ‹‹ይህ ትራንስጀንደር ነው›› የሚል ሐኪምም የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ጉዳዩን ከአእምሮ ሕመም ምዕራፍ አውጥቶታል። የእኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚቀጣው በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ድርጊትን ነው፤ ሰው ራሱን ምን ብሎ እንደሚያውቅ አይመለከትም።

‹‹ሳይንስ ካላረጋገጠው ልጁ ሆን ብሎ ነው›› ብሎ መደብደብም ሆነ ከቤት ማባረር ከየትኛውም ጥናት አይወጣም። ሃይማኖታችን በአንጎላችን የትኛው ክፍል እንደሚገኝ ተጠይቀን አናውቅም፤ አንቀጽ 27 ግን ይጠብቀዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 24ም ሰብዓዊ ክብርን የሰጠው ለ‹‹ማንኛውም ሰው›› ነው። የሐኪም ወረቀት አምጡ አላለም።