የተማሪ ፊልምና ሰብሳቢዎቹ

አንድ የጥበብ ሥራ በሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ የሚሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የቅጂው ማነስ፣ ሁለተኛው የያዘው ቁም ነገር ነው። የብራና መጽሐፍ የሚከበረው በዚሁ የተነሣ ነው። ተማሪዎች የሚሠሯቸው አጫጭር ፊልሞችም እንዲሁ ናቸው።

ለምሳሌ፣ ጎንደር የተወለዱት ኃይሌ ገሪማ በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 «ቻይልድ ኦፍ ሬዚስታንስ» (የእምቢተኝነት ልጅ) የተሰኘ፣ በአመዛኙ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ የ36 ደቂቃ ፊልም ሠሩ። መነሻ የሆናቸውም የመብት ታጋይዋ አንጄላ ዴቪስ እጆቿ በካቴና ታስረው በቴሌቪዥን ካዩ በኋላ ያለሙት ሕልም ነበር።

ተማሪ ገንዘቡ ጥቂት ስለሆነ ብዙ ቅጂ አያሳትምም፤ ሲኒማ ቤቶችም አጭር ፊልም እምብዛም አያሳዩም። ስለዚህ ፊልሙ ብርቅ ይሆናል። ሰብሳቢው ግን ከብርቅነቱ ሌላ የሚሻው ነገር አለ፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1976 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ያበረከተው እጅ ገና ሲፍጨረጨር ማየት ነው።

ይሁን እንጂ ፊልም እንደ ወርቅ በሣጥን ተቆልፎ አይኖርም። በዚያ ዘመን የተለመደው አሴቴት ፊልም ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው የኮምጣጤ ሽታ ያመጣል፤ ይኮማተራል፤ በመጨረሻም ምስሉ ይጠፋል። ብቸኛው ቅጂ በአንድ ሰው ቤት ከተበላሸ፣ መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም። ይህን በመገንዘብ የዩኒቨርሲቲው የፊልም ቤተ መዛግብት የዚያን ዘመን ጥቁር ተማሪዎች ፊልሞች አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕዝብ አሳየ።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ መልካም ሰብሳቢ የሚባለው ያገኘውን ፊልም አስገልብጦ ለተመልካችና ለመጪው ትውልድ የሚያደርስ ሰው ነው።