ለአምባዛ ዘንግ ሲመረጥ

አምባዛ ለዓይኑ ብዙም አይጨነቅም። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ዝናብ ወርዶ ወንዙ አፈር ተሸክሞ ሲደፈርስ፣ በማየት የሚያድነው ዓሣ ይቸገራል። አምባዛ ግን በአፉ ዙሪያ ባሉት አራት ጥንድ ጢሞች ጭቃውን እየዳሰሰ፣ ሽታ እየተከተለ ራቱን ያገኛል። ሌሊቱም ከቀን ይልቅ ይመቸዋል። ይህን ዓሣ በዘንግ ለመያዝ የተነሣ ሰው ሱቅ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ዋጋውንና ርዝመቱን። ሻጩም ረጅሙንና የሚያብለጨልጨውን ያወጣለታል። ሁለቱም ጥያቄዎች ግን ኋላ ይደርሳሉ። መቅደም ያለበት «የት ቆሜ ነው የማጠምደው?» የሚለው ነው። የአምባዛን ዘንግ ከዓሣው ክብደት ይልቅ የሚወስነው የወንዙ ዳርቻ ነውና።

ዓሣው

አምባዛ በሳይንሳዊ ስሙ ክላሪያስ ጋሪፒነስ ይባላል። በአገራችን ከጣና እስከ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ ከአዋሽ እስከ ባሮ ይገኛል። ቅርፊት የለውም። ቆዳው ሙልጭልጭ፣ ጭንቅላቱ ጠፍጣፋና አጥንታም ነው። በውሃ ውስጥ ከሚተነፍስበት አካል ሌላ በቀጥታ ከአየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ኩሬው ሲቆሽሽ ሌላው ዓሣ ሲሞት እሱ ይተርፋል፤ ቆዳው እርጥብ እስከሆነ ድረስም ከውሃ ወጥቶ ለሰዓታት መቆየት ይችላል። ቅርፊት የሌለው ዓሣ በመሆኑ በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉት ብዙ ናቸው፤ የሚበሉት ደግሞ ሥጋው ብዙ፣ አጥንቱ ጥቂት ስለሆነ ይወዱታል።

እስከ 1.7 ሜትር ርዝመትና እስከ 60 ኪሎ ክብደት እንደሚደርስ ተመዝግቧል። በዘንግ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ኪሎ አያልፍም። ለዘንግ መራጭ ከመጠኑ በላይ የሚጠቅመው የትግሉን ዓይነት ማወቅ ነው። አምባዛ መንጠቆ ሲይዘው ወደ ላይ አይዘልም፤ ረጅም ሩጫም አይሮጥም። ወደ ታች ይጠልቃል፤ ሰውነቱን እያሽከረከረ ሥር፣ የወደቀ ግንድ ወይም የድንጋይ ሥር ይፈልጋል። እዚያ ከገባ በኋላ ክሩ ሥሩ ላይ ይጠመጠምና ነገሩ አበቃ። ስለዚህ የዘንጉ ዋና ሥራ ዓሣውን ማድከም ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች አንገቱን ማዞር ነው።

ወደ ጋምቤላ ዝቅ ያለ ሰው ደግሞ የአምባዛን ዘመዶች ያገኛል። በኢትዮጵያ በኩል ባለው የባሮና አኮቦ ተፋሰስ ከ100 በላይ የዓሣ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ መካከል ሹካ ጅራት ያለው ባግረስ፣ ከአምባዛ የሚመሳሰለውና ከጀርባው በስተኋላ ተጨማሪ ወፍራም ክንፍ ያለው ሄትሮብራንከስ፣ እሾሁን ቆልፎ ድምፅ የሚያሰማው ሲኖዶንቲስ ይገኙበታል። በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት የሚነዝረው ኤሌክትሪክ አምባዛም የዚሁ ውሃ ነዋሪ ነው። ሁሉም ትልና የሥጋ ቁራጭ ይበላሉና ለአምባዛ የተዘረጋ መንጠቆ የትኛውን እንደሚያወጣ አስቀድሞ አይታወቅም።

ዳርቻው

ጊሎ ወንዝ የሚነሣው ከሚዛን ተፈሪ አካባቢ ደጋ ነው። ወደ ምዕራብ ወርዶ የጋምቤላን ሜዳ ያቋርጥና ከፒቦር ይገናኛል፤ ከዚያ በሶባት በኩል ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ሚዛን ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ፣ የጋምቤላ ከተማ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ናቸው። በዚህ ቁልቁለት ውስጥ ውሃው ሁለት ዓይነት ዳርቻ አለው፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ዘንግ ይጠይቃሉ።

የላይኛው የቡና አገር ዳርቻ ጠባብና ጥቅጥቅ ያለ ነው። የቡናው እግር ከነጥላ ዛፉ እስከ ወንዙ አፋፍ ይደርሳል። ሐረጉ ከላይ ይንጠለጠላል፤ ሥሩ ውሃው ውስጥ ይገባል። ወንዙም ሰፊ ስላልሆነ ማጥመጃውን ሩቅ መወርወር አያስፈልግም፤ አምባዛው ያለው እዚሁ ከእግር ሥር፣ ውሃው ቀዝቀዝ ብሎ በሚዞርበት ጥልቅ ጥግ ነው። በዚህ ቦታ 3 ሜትር ተኩል ዘንግ ይዞ የቆመ ሰው ዓሣው ሲይዝለት ዘንጉን ቀና የሚያደርግበት ክፍት ቦታ ያጣል፤ ጫፉ ቅርንጫፍ ይመታል፣ ክሩ ከሐረግ ይያያዛል። ከ1.8 እስከ 2.1 ሜትር ያለው ዘንግ ይበቃል።

የታችኛው ዳርቻ ሌላ ነው። የዚሁ ሜዳ ሌላ ወንዝ ባሮ ጋምቤላ ላይ ሰፊ ነው፤ በበጋ አሸዋው ይገለጣል፤ ጥልቁ ውሃ ከዳር ይርቃል። አዞም አለና ከውሃው ጠርዝ ሸሸት ብሎ መቆም ግዴታ ነው። እዚህ ማጥመጃው ርቆ መወርወር፣ ክሩም ከዳር ድንጋይ ከፍ ብሎ መያዝ አለበት። ለዚህ ከ2.7 እስከ 3 ሜትር የሚሆን ዘንግ ይመረጣል።

ርዝመትና ጉልበት

ረጅም ዘንግ ሩቅ ቢወረውርም ዋጋ ያስከፍላል። ጫፉ ላይ የሚጎትተው ዓሣ ያው ሆኖ ሳለ፣ የ3 ሜትር ዘንግ በያዘ እጅ ላይ የሚያርፈው ጫና የ2 ሜትር ዘንግ ከያዘው አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ዘንጉ በረዘመ ቁጥር ጉልበት የሚያገኘው ዓሣው ነው። ዓሣውን ከሥር መልሶ ማዞር ለሚፈልግ ሰው አጭር ዘንግ የሚረዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ፋብሪካ የሠራው ዘንግ ከእጀታው በላይ ጽሑፍ አለው። በመጀመሪያ ርዝመቱ በሜትር ወይም በጫማ ይጻፋል፤ 7 ጫማ 2.1 ሜትር ገደማ ነው። ቀጥሎ ጉልበቱ «ላይት»፣ «ሚዲየም»፣ «ሚዲየም ሄቪ»፣ «ሄቪ» ተብሎ ይቀመጣል። ሦስተኛው የሚችለው ክር በፓውንድ፣ አራተኛው የሚወረውረው ክብደት በግራም ነው። ለአምባዛ «ሚዲየም ሄቪ» የተባለው፣ ከ15 እስከ 30 ፓውንድ ክር የሚችለው ተስማሚ ነው። ይህም በኪሎ ከ7 እስከ 14 ማለት ነው። «ላይት» የተባለው ለቆሮሶ ያገለግላል፤ አምባዛ ሲይዘው ግን እስከ እጀታው ይታጠፍና የሚያዞርበት ጉልበት ያጣል።

ከጉልበቱ ሌላ አጎነባበሱም ይታያል። አንዳንዱ ዘንግ ጫፉ ብቻ ይታጠፋል፣ «ፋስት» ይባላል። ሌላው እስከ ወገቡ ይጎብጣል፣ «ሞደሬት» ይባላል። አምባዛ ማጥመጃውን ወዲያው አይውጥም፤ በጢሙ ይዳስሳል፣ በከንፈሩ ይሞክራል። ጫፉ ደረቅ የሆነ ዘንግ በዚህ ሙከራ ጊዜ ዓሣውን ያስጠነቅቀዋል፤ ዓሣውም ማጥመጃውን ጥሎ ይሄዳል። ጫፉ ለስለስ ብሎ እስከ ወገብ የሚጎብጥ፣ ከወገብ በታች ግን የማይበገር ዘንግ ይሻላል።

ከምን ተሠራ?

ወንዝ ዳር ላለ ሰው የመጀመሪያው ዘንግ ከደጅ የሚቆረጥ ነው። በሸካ በማሻ በኩል ያለው የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ነው፤ ቀላልና ረጅም ዘንግ ይወጣዋል። እንደ ቤኒሻንጉል ባሉ የምዕራብ ቆላዎች የሚበቅለው የቆላ ቀርከሃ ግን ውስጡ ድፍን ነው፤ ከባድ ቢሆንም በቀላሉ አይሰበርም። ከሁለቱም ሦስት ዓመት ገደማ የሞላው ይመረጣል፤ ለጋው ደርቆ ይጨማደዳል። በበጋ ተቆርጦ፣ ቀጥ ብሎ ታስሮ በጥላ ሥር ቢደርቅ ነቀዝ ቶሎ አይበላውም። ክሩ ከጫፉ ላይ ብቻ ከታሰረ ጫፉ ሲሰበር ዓሣውም ክሩም አብረው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ክሩ በዘንጉ ላይ እየተጠመጠመ ወርዶ እጀታው ላይ ቢታሰር ይሻላል። የቀርከሃ ዘንግ የክር መጠቅለያ የለውም፤ ለዓሣው የሚለቀቅ ትርፍ ክር ስለሌለ ያለው ፍሬን የዘንጉ መጉበጥ ብቻ ነው። አንድና ሁለት ኪሎ ለሚመዝን አምባዛ ይህ ይበቃል። በክረምት ውሃው ከወንዙ ወጥቶ ሣሩ ላይ ሲተኛና አምባዛው እንቁላል ሊጥል ወደዚያ ሲወጣ፣ ማጥመጃውን ከሣር መሐል ባለች ክፍት ውሃ ላይ ቀስ ብሎ ለማውረድ ከቀርከሃ የተሻለ የለም።

ፋይበር ግላስ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ ካርቦን ፋይበር ደግሞ በ1970ዎቹ ወደ ዘንግ ሥራ ገቡ። ካርቦን ቀላልና ስሜቱ ንቁ ነው፤ የዓሣውን ጫን ጫን ማለት ወዲያው እጅ ላይ ያደርሳል። ነገር ግን ድንጋይ ሲመታው ወይም በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ከጆንያ ጋር ሲጋጭ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል፤ ዓሣ በያዘ ዕለት ይሰበራል። ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ዝናብና መብረቅ በማይለየው አገር ነጎድጓድ ሲሰማ ካርቦን ዘንግ ቀና አድርጎ መቆም፣ በኤሌክትሪክ መስመር ሥርም ይዞ ማለፍ አደገኛ ነው። ፋይበር ግላስ ከባድና ደንዘዝ ያለ ነው፤ ግን ጎብጦ ይመለሳል፣ መጋጨትን ይችላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ለአምባዛ ፋይበር ግላስ ወይም የሁለቱ ቅልቅል ይመረጣል።

ገበያው ላይ በብዛት የሚገኘው እንደ አንቴና የሚሳብና የሚከተተው ዘንግ ነው። ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ባጃጅ ላይ አያስቸግርም። ድክመቱ መገጣጠሚያው መብዛቱ ነው፤ አሸዋ ይገባበታል፣ ይላላል፣ ከባድ ዓሣ ሲይዝ ከመገጣጠሚያው ይሰነጠቃል። ሁለት ቦታ ብቻ የሚገጠመው ለጉዞም ይመቻል፣ ጉልበቱንም አያጣም።

ሱቅ ውስጥ

ዘንግ በዓይን ብቻ አይገዛም። መጀመሪያ ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ይፈተሻሉ። ትንሽ ጥጥ በቀለበቱ ውስጥ ሲጎተት ከተያዘ፣ ውስጡ ተሰንጥቋል ወይም ሸካራ ሆኗል ማለት ነው፤ ያ ስንጥቅ ክሩን ቀስ በቀስ ይበላዋል። የጫፉ ቀለበት በተለይ ይታይ፤ አብዛኛው ጭነት የሚያርፈው እዚያ ነው። ቀጥሎ ዘንጉ ተገጥሞ በእጀታው በኩል እንደ ጠመንጃ አነጣጥሮ ማየት ነው፤ ቀለበቶቹ በአንድ መስመር መዋል አለባቸው።

ከዚያ ጭነቱ ይሞከራል። አንድ ሊትር ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ክሩ በቀለበቶቹ አልፎ ጠርሙሱ ላይ ይታሰርና ዘንጉን 45 ዲግሪ ገደማ ይዞ ቀስ ብሎ ማንሣት ነው። ጠርሙሱ ከመሬት ሲለቅ ዘንጉ እስከ ወገቡ ጎብጦ እዚያ ከቆመ፣ ለአምባዛ የሚሆን ነው። እስከ እጀታው ከታጠፈ ደካማ ነው፤ ጫፉ እንኳ ካልጎበጠ ደግሞ ደረቅ ነው። በሙከራም ሆነ በወንዝ ዳር ዘንጉን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ መሳብ አይገባም፤ ያን ጊዜ ሸክሙን የሚሸከመው ቀጭኑ ጫፍ ብቻ ይሆናል።

ከዘንጉ ጋር የሚሄዱት

ክር መጠቅለያው፣ ሪል የሚባለው፣ ዋናው ነገሩ ፍሬኑ ነው። ፍሬኑ ክሩ ከሚችለው ሩብ ወይም ሲሶ በሚሆን ጉልበት ሲጎተት ክር እንዲለቅ ይስተካከላል። ክሩ 12 ኪሎ የሚችል ከሆነ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሲጎተት መልቀቅ አለበት። ክሩ ወፈር ያለ ናይለን፣ ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር ይሁን። የአምባዛ ጥርስ አይቆርጥም፤ ግን ጥቃቅንና ሸካራ ሆኖ ተደርድሮ ስለሚፋቅ ቀጭን ክር ያሳሳል። ስለዚህ ከመንጠቆው በላይ ያለው አንድ ክንድ ክር ከዓሣ በኋላ በጣት እየተዳሰሰ፣ ከሻከረ ይቆረጥ።

ለማጥመጃ የምድር ትል፣ ጉበት፣ አንጀት ወይም ትንሽ ዓሣ ይሆናል፤ ሽታ ያለው ይበልጣል። ዓሣው ከወጣ በኋላ ከጎን ክንፎቹ መጠንቀቅ ነው። የየክንፉ መጀመሪያ ጠንካራ እሾህ ነው፤ አምባዛው ሲፈራ ዘርግቶ ያቆመዋል፣ መዳፍም ይወጋል። በእርጥብ ጨርቅ ከጭንቅላቱ በኋላ ተይዞ መንጠቆው በፒንሳ ይወጣል።

ዘንግ ከመረብም ከመርዝም የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ የያዘው መልሶ ሊለቀቅ ይችላል። ለቡና ጥላ የሚተከለው ብርብራ ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣ ያደነዝዛል፤ በዚህ ዘዴ ማጥመድ በአገራችን የቆየ ነው። መርዙ ግን ትልቁን ከጫጩቱ አይለይም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ከልክሏል። በዘንግ የያዘ ሰው ትንሿን፣ በዝናቡ ወራትም ሆዷ በእንቁላል የተነፋችውን አምባዛ መልሶ መልቀቅ ይችላል፤ አምባዛ ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ ተመልሶ ይኖራል።

አንዱን ብቻ የሚገዛ

በቡና አገር ወንዞች ለሚያጠምድ 2 ሜትር ገደማ፣ ሁለት ቦታ የሚገጠም፣ «ሚዲየም ሄቪ» ፋይበር ግላስ ይበቃል። ወደ ባሮ ለሚወርድ ያው ጉልበት በ2.7 ሜትር ነው። ሁለቱንም ቦታ የሚወድና ለአንድ ዘንግ ብቻ ገንዘብ ያለው ሰው አጭሩን ይግዛ። አጭር ዘንግ በገላጣ አሸዋ ላይ የሚያጎድለው ጥቂት ሜትር ውርወራ ነው፤ ረጅም ዘንግ በዛፍ መሐል የሚያጎድለው ግን ዓሣውን ራሱን ነው።