ጠበቃን ስለ መክሰስ

አንድ የማጀቴ ገበሬ በመሬት ክርክር ተረታ እንበል። ይግባኝ እንዲልለት ጠበቃ ወከለ፤ ጠበቃው ግን ሕጉ የሰጠውን 60 ቀን በቸልተኝነት አሳለፈው። የጠበቃ ጥፋት ጊዜው ያለፈበትን ይግባኝ ለማስፈቀድ በቂ ምክንያት ሆኖ አይቈጠርም። እንግዲህ ለባለጉዳዩ የሚቀረው ጠበቃውን ኪሣራ መጠየቅ ነው።

ጠበቃውም በበኩሉ መዝገቡ እንዲዘጋለት መቃወሚያ ያቀርባል። ዳኛው በዚህ ጊዜ እውነተኛው ማን እንደ ሆነ አይፈርድም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እንደ ደነገገው፥ በክሱ የተጻፈው ቢረጋገጥ ለከሳሹ ዳኝነት የሚያሰጠው መሆኑን ይመዝናል። ስለዚህ «ጠበቃዬ አስረታኝ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። ጠበቃው የጣሰው የሙያ ግዴታ፥ የደረሰው ጉዳትና ጥፋቱን ከጉዳቱ ጋር የሚያያይዘው ምክንያት ተለይተው መገለጽ አለባቸው። ይግባኙ ቢቀርብ ኖሮ ፍርዱ ሊለወጥ የሚችልበት ምክንያት ካልተገለጸ፥ ጉዳቱ ከጠበቃው ጥፋት መምጣቱ አይታይም።

ሌላው መቃወሚያ ይርጋ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ለሚጠየቅ ኪሣራ 2 ዓመት፥ በውል ለሚጠየቅ በመሠረቱ 10 ዓመት ወስኗል። ስለዚህ ክሱ በየትኛው ላይ እንደ ተመሠረተ መለየቱ መዝገቡን ሊያድን ወይም ሊያዘጋ ይችላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ጠበቃ ስትወክል ውሉን በጽሑፍ አድርግ፤ ፍርዱ የተሰጠበትንም ቀን መዝግበህ ያዝ። ክስህ በሩን አልፎ መግባቱ የሚወሰነው በእነዚህ ነው።