የራውተር ጠረጴዛ፦ መግዛት ወይስ በገዛ እጅ መሥራት?

በጄኔቫም ሆነ በዙሪክ አብዛኛው ነዋሪ የሚኖረው በኪራይ አፓርታማ ነው። ረከቦት፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ ወይም የሥዕል ክፈፍ በእጁ መሥራት የሚወድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርለት ቦታ የምድር ቤቷ ጠባብ ዕቃ ማስቀመጫ ናት። እንዲህ ባለ ቦታ በጥቂት ስፍራ ብዙ ሥራ ከሚሠሩ መሣሪያዎች አንዱ ራውተር ነው። ይህ ራውተር ኢንተርኔት ከሚያሰራጨው ሣጥን ጋር ከስም በቀር ዝምድና የለውም፤ ስለቱን በአብዛኛው በደቂቃ ከ8,000 እስከ 24,000 ጊዜ እያሽከረከረ የእንጨትን ጠርዝ የሚያለሰልስ፣ ቦይ የሚያወጣና መጋጠሚያ የሚቀርጽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው።

ራውተሩ በእጅ ሲያዝ መሣሪያው በእንጨቱ ላይ ይሄዳል። ከጠረጴዛ ሥር ተገልብጦ ሲታሰር ግን ስለቱ ባለበት ይቆማል፤ የሚንቀሳቀሰው እንጨቱ ይሆናል። ስለዚህ በእጅ ራውተር ሊሠሩ የሚያስቸግሩ ቀጫጭንና ጠባብ እንጨቶች በጠረጴዛው ላይ እኩል ሆነው ይወጣሉ። ትክክለኛ ቅርጽ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት ዙሪክ ውስጥ የሚገኘውን የታሜዲያ ሕንፃ መመልከት ይበቃል። በጃፓናዊው አርክቴክት ሺገሩ ባን ተነድፎ በ2013 የተጠናቀቀው ይህ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ምሰሶዎቹና ወራጆቹ የተጋጠሙት ያለ ብረት ማያያዣ፣ በኮምፒውተር በሚመሩ ማሽኖች ተቀርጸው ነው።

ጥሩ ጠረጴዛ የሚለየው በዋጋው ሳይሆን በሦስት ነገሮች ነው። አንደኛው የገጹ ልክነት ነው፤ መካከሉ ጥቂት እንኳ ከረገበ የቦዩ ጥልቀት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሁለተኛው እንጨቱ ተደግፎ የሚያልፍበት ቀጥ ያለ አግዳሚ ነው። ሦስተኛው እጅ በቀላሉ የሚደርስበት ማጥፊያ ሲሆን፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑን በራሱ የማያስነሣ ዓይነት መሆን አለበት።

ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱን በቤት መሥራት ይቻላል። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የኤምዲኤፍ ጣውላዎች ተጣብቀው 36 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ ከላይም ከታችም ፎርማይካ ሲለበሱ እርጥበት ወደ አንድ ወገን አያጎብጣቸውም። አግዳሚውም ቢሆን እንደ መጋዝ ጠረጴዛ ከምንም ጋር ትይዩ መሆን አያስፈልገውም፤ ስለቱ ክብ ስለሆነ ማዕዘኑ ልዩነት አያመጣም። እንዲያውም የአግዳሚው አንድ ጫፍ በብሎን ተይዞ ሌላው ጫፍ በ1 ሚሊ ሜትር ቢገፋ፣ መካከል ላይ ባለው ስለት ዘንድ የሚመጣው ለውጥ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ማጥፊያውንና ራውተሩ የሚታሰርበትን የአሉሚኒየም ሳህን ግን ተሠርተው የተዘጋጁትን መግዛት ይሻላል።

የኤሌክትሪኩ ስሌትም መዘንጋት የለበትም። የተለመደው የስዊዘርላንድ የቤት ሶኬት በ230 ቮልት 10 አምፔር፣ ማለትም 2,300 ዋት ይሸከማል። 1,400 ዋት የሚወስድ ራውተርና 1,200 ዋት የሚወስድ አቧራ መጥመቂያ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሲሰኩ ድምሩ 2,600 ዋት ስለሚሆን ከልኩ ያልፋል። ከአሜሪካ የሚመጣ የ120 ቮልት ራውተርም በስዊዘርላንድም ሆነ በኢትዮጵያ ሶኬት ላይ በቀጥታ መሰካት የለበትም።

ትልቁ አደጋ ያለው በአገፋፍ ላይ ነው። ከጠረጴዛው ሥር የታሰረ ስለት ከላይ ሲታይ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ይዞራል፤ ስለዚህ አግዳሚው ከስለቱ ኋላ ሆኖ እንጨቱ ከቀኝ ወደ ግራ ይገፋል። በተቃራኒው ከተገፋ ስለቱ እንጨቱን ነጥቆ ይወረውረዋል፤ እጅንም ወደ ስለቱ ሊስብ ይችላል። እንጨትን በስለቱና በአግዳሚው መካከል ማሳለፍም ፈጽሞ አይገባም። ፍጥነቱም እንደ ስለቱ ስፋት ይወሰናል፦ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስለት በደቂቃ 24,000 ጊዜ ቢዞር የጠርዙ ፍጥነት በሰዓት 226 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ወደ 10,000 ሲቀነስ ግን 94 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰፊ ስለት በዝግታ፣ ጠባብ ስለት በፍጥነት የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላው ጠላት በዝምታ የሚመጣው ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ጄኔቫ የሆነው የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። በተለይ እንደ ኦክና ቢች ያሉ የጠንካራ እንጨቶች ብናኝ ከአፍንጫ ካንሰር ጋር ይያያዛል። መስኮት በሌለው ምድር ቤት ውስጥ መጥመቂያው ከአግዳሚው ጀርባ መገጠሙና ጭምብል ማድረጉ እንደ ትርፍ ወጪ ሊታይ አይገባም። የጆሮ መከላከያና መነጽርም እንዲሁ።

ጎረቤትም አለ። በብዙ የስዊዘርላንድ ሕንፃዎች ደንብ በምሳ ሰዓት፣ በሌሊትና በእሑድ ጩኸት አይፈቀድም። ቦታም ጸጥታም ለሚቸግረው የዙሪክ ነዋሪ ሌላ መንገድ አለ፤ በከተማዋ ከሚገኙ የማኅበረሰብ ማዕከላት በርካቶቹ ለነዋሪው ክፍት የሆነ የእንጨት ሥራ ክፍል አላቸው። በዓመት አንድ ሁለት ዕቃ ለሚሠራ ሰው ይህ ከመግዛትም ከመሥራትም ይበልጣል። ዘወትር ለሚሠራ ግን ገጹ የተስተካከለ፣ ማጥፊያው የቀረበና ብናኙ የሚጠመቅ የቤት ሥራ ጠረጴዛ፣ ውድ ሆኖ እነዚህን ካጎደለ ጠረጴዛ ይሻላል።