የሰማዩ ገመድ የማን ነበር?

በፈረንጅ ፊልም ላይ ስንት ጊዜ አይታችኋል! ተራራው በበረዶ ነጭ ብሏል። ወጣቶቹ ወፍራም ጃኬት ለብሰው፣ የበረዶ ሸርተቴ መጫሚያቸውን ተሸክመው አንዲት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ሳጥኗ በገመድ ተንጠልጥላ ሽቅብ ትወጣለች። ልጁ ልጅቷን ያያታል፤ ልጅቷ ቁልቁል ገደሉን ታያለች… ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ።

እኛ ታዲያ ቡናችንን ፉት እያልን "ወይ ፈረንጅ! እኛ ጋ እኮ እንዲህ ያለ ነገር ኖሮም አያውቅ" እንላለን። አጠገባችን ከደጋ አገር የመጣ ልጅ ካለ ደግሞ ቀልዱ ወደሱ ይዞራል። የሰቆጣ ልጅ ከሆነማ አለቀለት! "የናንተ ተራራ ላይ እንኳን ሰው በገመድ፣ ፍየልም በልመና ነው የምትወጣው" ይባላል። ይሳቃል። ልጁም አብሮ ይስቃል፤ ሆዱ ግን ሌላ ነው።

እስቲ ዛሬ ስለዚሁ ገመድ እናውራ። "ኖሮ አያውቅም" የሚለው ነገር ውሸት ነውና! በበረዶ ላይ ለሚንሸራተቱ ሀብታሞች አልነበረም እንጂ፣ በአንድ ወቅት በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ ረጅሙ የአየር ላይ ገመድ የተዘረጋው በቀይ ባሕር ዳርቻና በአስመራ መካከል ነበር። የተዘረጋበትም ምክንያት እኛው ነን። (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ እንዳትደናገሩ።)

ተራራን በገመድ

ምፅዋ ባሕር ዳር የተቀመጠች ሞቃት ወደብ ናት። አስመራ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የደጋው አፋፍ ላይ ትገኛለች። የሰቆጣም ከፍታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በምፅዋና በአስመራ መሀል ያለው ታዲያ ገደል በገደል ነው። ጣሊያን ያንን ገደል ለማሸነፍ መጀመሪያ የያዘው ባቡር ነበር። ሐዲዱ በ1887 ተጀምሮ አስመራ የገባው በ1911 ነው። ሃያ አራት ዓመት መሆኑ ነው! ባቡሩ በዋሻና በድልድይ እየተጠማዘዘ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል።

በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲነሳ ምፅዋ ላይ ጉድ ፈላ። ወታደር፣ ዱቄት፣ ጥይት፣ ሲሚንቶ፣ መኪና፣ በቅሎ… መርከብ በመርከብ ላይ ተደራረበ። ባቡሩም የመኪናው መንገድም "አልቻልነውም" አሉ። ያኔ ነው እንግዲህ ገመዱ የታሰበው። ሥራው የተሰጠው በ1894 ሚላኖ ውስጥ ለተቋቋመው ቸሬቲ ኤ ታንፋኒ ለተባለ ኩባንያ ነው። የጣሊያኖቹ ቃል ለእንዲህ ያለ ገመድ "ቴሌፈሪካ" ነው።

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በየኮረብታው ላይ የብረት ምሰሶ ይተከላል። በምሰሶዎቹ ላይ ወፍራም የብረት ገመድ ይወጠራል፤ ይኼ እንደ ሐዲድ ነው፣ ከቦታው አይነቃነቅም። ሌላ ገመድ ደግሞ ያለ እረፍት ይዞራል፤ የተንጠለጠሉትን ሳጥኖች እየጎተተ የሚወስዳቸው እሱ ነው። ያን ሁሉ መንገድ በአንድ ገመድ መጎተት ስለማይቻል መስመሩ በክፍል በክፍሉ ተቆራርጦ በየመሀሉ ጣቢያ ይኖረዋል፤ የሚጎትተውም የናፍታ ሞተር ነው። ባቡሩ ተራራውን ሲዞረው ገመዱ ከአፋፍ አፋፍ ይዘላል። ባቡሩ 118 ኪሎ ሜትር የሚሄድበትን ገመዱ በ72 ኪሎ ሜትር ገደማ የጨረሰው ለዚህ ነው። በሰዓት 30 ቶን ያህል ጭነት ማጓጓዝ ይችላል። ወደኛ ሒሳብ እንመልሰው ካላችሁ 300 ኩንታል ማለት ነው። አንዲት በቅሎ አንድ ኩንታል ትጫን ብንል፣ በየሰዓቱ 300 በቅሎ በሰማይ ላይ ሲያልፍ ይታያችሁ!

ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ውስጥ ጎብኚዎችን ወደ ቴብል ተራራ ጫፍ የሚያወጣው ኬብል ካር ሥራ የጀመረው ከዚያ ስድስት ዓመት ቀድሞ በ1929 ነው። እዚያ የሚወጣው አገር ሊያይ የመጣ ሰው ነው። በኛ በኩል የወጣው አገር ሊይዝ ለመጣ ሰው የሚሆን ስንቅ ነው።

ሰቆጣ ምን አገባት?

"ምፅዋና አስመራ የት፣ ሰቆጣ የት!" ትሉ ይሆናል። ቆዩ እንጂ።

ዋግ ሸክም ሽቅብ ማውጣትን የተማረው ከጣሊያን አይደለም። ከአፋር ዝቅታ እየተጠረበ የሚመጣው አሞሌ ጨው በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ ያንን ሁሉ አቀበት ጨርሶ ሰቆጣ ገበያ ይገባ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ሰቆጣ በጨው ንግድ ስሟ የታወቀ ገበያ ነበረች። ጨው ደግሞ ያን ጊዜ ወጥ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብም ነው። ዛሬ እኛ "ሩቅ" የምንላት ከተማ ያኔ የገንዘብ መንገድ ላይ ነበረች ማለት ነው!

የጣሊያን ጦር ሰቆጣ የገባው በ1936 መጋቢት ውስጥ፣ የማይጨው ጦርነት በተካሄደበት ሰሞን ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ ላይ (በኛ 1928 ዓ.ም. መሆኑ ነው) አዲስ አበባ ገባ። ገመዱስ? ገና አላለቀም! ያለቀው በ1937 ነው። ለዘመቻው ተብሎ በጥድፊያ የተጀመረው ገመድ ሲጠናቀቅ ዘመቻው ተጠናቋል ተብሎ ነበር።

የዋግ ሰው ግን "አልተጠናቀቀም" አለ። በዚያው በ1937 ክረምት ላይ ከዋግሹሞች ዘር የሆኑት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ዋግንና ላስታን አስነስተው ጣሊያንን ወጉ። ክረምቱ ሲወጣ ተገደሉ። ጣሊያኖቹ ራሳቸውን ቆርጠው፣ ሕዝቡ እንዲፈራ በአደባባይ አሳዩት። ያንን ጦር የሚቀልበው ዱቄትና የሚያስታጥቀው ጥይት በሰሜን በኩል የሚገባው በምፅዋ ነው። የገመዱም የባቡሩም የመኪናውም መነሻ እዚያው ነበር።

አንድ ዓመት፣ ሁለት ታሪክ! የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ? የማሽን ታሪክ የሚወዱ ፈረንጆች የገመዱን ርዝመት በሜትር ይነግሯችኋል፤ ደጃዝማች ኃይሉን ግን አያውቋቸውም። እኔ የማውቃቸው የዋግ ሰዎች ደግሞ የደጃዝማች ኃይሉን ታሪክ ከአያቶቻቸው ሰምተዋል፤ ስለ ገመዱ የሰማ ግን አላጋጠመኝም። ሁለቱ ወሬዎች አንድ ቤት ገብተው አያውቁም።

ገመዱ የት ገባ?

በ1941 ጣሊያን ሲሸነፍ ኤርትራ በእንግሊዝ እጅ ገባች፤ እስከ 1952 ድረስም ያስተዳደራት እንግሊዝ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የዓለም ረጅሙ ገመድ ተፈታትቶ ተነቀለ። ያን ሁሉ ብረትና ልፋት ያየ ሰው "አገር ያለቅስለታል" ሊል ይችላል። ማን ሊያለቅስ? ከሥሩ የሚኖረው ገበሬ እህሉን ጭኖበት አያውቅም። እረኛው ፍየሎቹን እየጠበቀ ሽቅብ አይቶታል፤ ሳጥኑ አልፎት ሄዷል። ያልቆመልህ ነገር ቢሄድ ምን ቀረብህ ትላለህ?

ስዊድኖችን ተመልከቱ። እነሱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 96 ኪሎ ሜትር የሚሆን ገመድ ሠሩ፤ ክብረ ወሰኑንም የወሰዱት እነሱ ናቸው። የሚጭነው ከማዕድን ጉድጓድ የወጣ ድንጋይ ነው። በ1987 ሥራ ሲያቆም ግን ሁሉም አልተነቀለም። 13 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ተጠብቆ፣ ሳጥኑ ሰው እንዲይዝ ተደርጎ በ1989 ለጎብኚ ተከፈተ። ማዕድኑም ሥራውም የራሳቸው ነበረና ገመዱንም "የኛ" አሉት።

ወደ ደቡብ አሜሪካ ስንሻገር ደግሞ ሌላ ነገር እናያለን። በኮሎምቢያ ሜዴሊን ከተማ በ2004፣ በቦሊቪያ ላ ፓዝ ደግሞ በ2014 ገመዱ የከተማ ታክሲ ሆነ! በላ ፓዝ አፋፍ ላይ፣ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ኤል አልቶ የምትባል ከተማ አለች። ነዋሪዋ አብዛኛው ሠርቶ አደር ነው። ጠዋት ሳጥኗ ውስጥ ገብቶ ቁልቁል ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ማታ ሽቅብ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ገመዱ ያው ገመድ ነው፣ መዘውሩም ያው ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ እነሱ ሰፈር ይቆማል።

ስለዚህ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር ስታዩ "ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል?" ብቻ ብላችሁ አትለፉ። "እኛ ጋ ይቆማል ወይ?" በሉ።

በአባት አናት ላይ የሚያልፍ ሰርግ

ይህን ሁሉ የማወራው ያለ ነገር አይደለም። የማውቀው አንድ ወጣት አለ። የሰቆጣ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ሥራ ይዟል፤ በቅርቡ ይሞሸራል። እጮኛው እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። እሱ "ሰርጉም ቅልቅሉም እዚሁ ይሁን" ይላል። አባቱ ደግሞ "ምራቴን በቀዬዬ ላይ ሳልመርቅማ አይሆንም" ብለው ልከውበታል።

"ለምን አትወስዳትም?" አልኩት።

"መንገዱን አይተው፣ ቤታችንን አይተው ይስቁብኛል" አለኝ።

"እሷ ትስቅብኛለች ብለህ ነው?"

"ኧረ እሷስ አትስቅም። ጓደኞቿ ናቸው።"

እሷንም አገኘኋትና ጠየቅኋት። ምን አለችኝ መሰላችሁ? "አገርህን አሳየኝ ካልኩት ዓመት ሆነኝ። በሆነ ባልሆነው ያዘገየኛል። እዚያ የሚደብቀኝ ነገር ያለ ይመስለኛል።"

አየህ ወንድሜ! አንተ ተራራውን ደበቅሁ ስትል እሷ ሚስት የደበቅህ መስሏታል! ፋራ ላለመባል ብለህ ውሸታም ልትባል ነው። ከሁለቱ የትኛው ትዳር ያፈርሳል?

ሌላም ልንገርህ። ሰርግህን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ስታደርገው በአባትህ አናት ላይ እንደሚያልፍ ሳጥን እያደረግኸው ነው። አባትህ ሽቅብ አይተውት ያልፋል። በ2021 ጦርነቱ ዋግ ኽምራ ሲደርስ ስንቱ ቤተሰብ ከቀዬው እንደተፈናቀለ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። አባትህ ዛሬ በራቸው ላይ ቆመው ለመመረቅ መብቃታቸው ቀላል ነገር ነው? ሰርጉ እዚህ ይሁን፤ ቅልቅሉን ግን ሰቆጣ አድርገው።

አንቺም እህቴ፣ ስትሄጂ ልብስሽን ብቻ አይደለም የምታዘጋጂው። ከሰቆጣ ብዙም ሳይርቅ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እዩት። ኽምጣና የአገሩ ቋንቋ ነው፤ ለሰላምታ የሚሆንሽን ያህል እጮኛሽ ያስጠናሽ። አማትሽ ዘንድ ስትቀርቢ አማርኛ የሚችሉም ቢሆን ያቺ አንዲት ቃል ከወርቅ ሀብል ትበልጣለች። ማታ እሳት ዳር ስትቀመጡ ደግሞ አባባን "ስለ ደጃዝማች ኃይሉ ከአባቶችዎ ምን ሰሙ?" በያቸው። እሳቸው ሲጨርሱ አንቺ ደግሞ የገመዱን ታሪክ ንገሪያቸው። ሁለቱ ወሬዎች ያን ማታ አንድ ቤት ይገባሉ።

እናንተም ውድ አንባብያን፣ ለበዓል ወደ ወላጆቻችሁ አገር ስትወርዱ የማዳበሪያና የኑሮ ውድነት ወሬ ብቻ አውርታችሁ አትመለሱ። ሽማግሌዎቹን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፤ "በዚህ አገር ላይ አልፎ የሄደ፣ ለናንተ ግን ያልቆመ ነገር ምን ነበር?" የሚነግሯችሁን ከነዘመኑ ጻፉት። እኛም ጋ ብትልኩት ደስ ይለናል።

ቸር ሰንብቱ።