ከድንጋይ ሥር ያሉት ትናንሽ ግንበኞች

በደጋ ምንጭ ውስጥ፣ በበጋ ወራት ውኃው ሲጠራ፣ አንድ ድንጋይ አንስቶ ሥሩን ላገላበጠ ሰው የተጣበቁ የአሸዋ ቅንጣቶችና የቅጠል ቁርጥራጮች ማየት እንግዳ አይሆንበትም። ቆሻሻ ይመስላሉ። ጥቂት ታግሶ ለተመለከተ ግን ከመካከላቸው አንዱ ይንቀሳቀሳል፤ ከጫፉ ጭንቅላትና ስድስት ቀጫጭን እግሮች ብቅ ይሉና ቤቱን እየጎተተ ጉዞውን ይቀጥላል።

ይህ ግንበኛ ካዲስፍላይ በመባል የሚታወቅ ነፍሳት እጭ ነው። ከታችኛው ከንፈሩ በሚያወጣው ሐር አሸዋን ከአሸዋ፣ ቅጠልን ከቅጠል እያጣበቀ መኖሪያውን ይሠራል። የሐር ትል የምትሆነው የእሳት ራት የቅርብ ዘመዱ ናት። ልዩነቱ የካዲስፍላይ ሐር ውኃ ውስጥ ሆኖም የሚያጣብቅ መሆኑ ነው። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ቤት በመሥራት ፋንታ በድንጋዮች መካከል መረብ ዘርግተው ውኃው ይዞ የሚመጣውን ምግብ ያጠምዳሉ። እጩ አድጎ ሲጨርስ ራሱን በሐር ዘግቶ ይቀመጥና ወደ በራሪነት ተለውጦ ይወጣል። በራሪው ትንሽ የእሳት ራት ይመስላል፤ ክንፉ ግን በፀጉር የተሸፈነ ነው።

በዓለም ላይ እስካሁን ስም የተሰጣቸው የካዲስፍላይ ዝርያዎች ከ16 ሺህ በላይ ናቸው። ብዙዎቹ ቀዝቃዛና ፈጣን በሆኑ የተራራ ጅረቶች ውስጥ ይኖራሉ። ተራራ ከተራራ በቆላ ሲለያይ፣ ቅዝቃዜ የለመዱት ነፍሳት ቆላውን ተሻግረው መገናኘት ስለሚያዳግታቸው፣ በረጅም ዘመን ውስጥ በየተራራው የተለያዩ ዝርያዎች ሊፈጠሩ ይችላሉ። የኢትዮጵያ ደጋ በጥልቅ ሸለቆዎች የተከፋፈለ በመሆኑ ለተመራማሪዎች ትኩረት የሚስብ ስፍራ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ የዚህ ነፍሳት ጥናት ታሪክ ወደ አንድ መቶ ዓመት ይጠጋል። እንግሊዛዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሂው ስኮት እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 ከባልደረቦቹ ጋር በአገሪቱ ተዘዋውሮ ነፍሳትን ሰበሰበ። ከጉዞው የተገኙትን ካዲስፍላዮች ጀርመናዊው ጊዮርግ ኡልመር አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1930 ይፋ አደረገ። ስኮት እ.ኤ.አ. በ1952 እና በ1953 ደግሞ ወደ ሰሜን ተራሮች ተጉዟል። በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ኪሚንስ እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያን ካዲስፍላዮች የሚመለከት ሰፊ ጽሑፍ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ሃሪሰንና ሃይንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ የተራራ ጅረቶችና ወንዞች ወለል ላይ ስለሚኖሩ እንስሳት ያደረጉትን ጥናት ለኅትመት አብቅተዋል።

አዲስ ዝርያ መለየት ግን ድንጋይ እንደ መገልበጥ ቀላል አይደለም። እጮቹ እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ ብዙውን ጊዜ ከቤተሰብ ወይም ከወገን አልፎ ዝርያቸውን መናገር ያስቸግራል። ዝርያ በአብዛኛው የሚለየው በበራሪው ወንድ የመራቢያ አካል ቅርጽ ነው። ስለዚህ ተመራማሪው ምሽት ላይ በጅረት ዳር መብራት አብርቶ በራሪዎቹን ይጠብቃል፤ የያዛቸውንም በማጉያ መነጽር ይመረምራል። የትኛው እጭ የየትኛው በራሪ እንደሆነ ለማወቅ እጩን ማሳደግ ወይም የሁለቱን የዘር ቅንጣት ማነጻጸር ግድ ይላል። መብራት ያልበራበት ጅረት ዝርያዎቹ ሳይመዘገቡ ይቀራሉ ማለት ነው።

ጉዳዩ አርሶ አደሩንም የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ ካዲስፍላዮች ኦክስጅን የበዛበት፣ ደለል ያልሸፈነው፣ መርዝ ያልገባበት ውኃ ይፈልጋሉ። ውኃው ሲበላሽ ቀድመው ከሚጠፉት መካከል ናቸው። ኢትዮጵያዊው አስቻለው ላቀው እና ኦቶ ሞግ እ.ኤ.አ. በ2015 ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች ያዘጋጁት የመመዘኛ ዘዴም በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ዘዴው በውኃ ውስጥ ለሚገኙ የነፍሳትና የሌሎች ትናንሽ እንስሳት ቤተሰቦች ብክለትን በመቋቋም አቅማቸው መጠን ነጥብ ይሰጣል፤ ከነጥቡም የወንዙ ጤንነት ይገመታል። በጅማ አካባቢ በቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶችም ፍሳሹ ከሚገባበት በታች ብክለት የማይችሉት እንስሳት እንደሚቀንሱ አሳይተዋል።

ጉዳቱ ከፋብሪካ ብቻ አይመጣም። እስከ ጅረቱ አፋፍ ድረስ ሲታረስ በክረምት የሚታጠበው አፈር የድንጋዮቹን ክፍተት ይደፍናል። የፀረ ተባይ መርጫ በጅረት ሲታጠብ ተባዩን ለመግደል የተሠራው መድኃኒት ተባይ ያልሆነውንም የውኃ ነፍሳት ይገድላል። የወንዝ ዳር አገር በቀል ዛፍ ሲመነጠር የወደቀ ቅጠል እየቆረጡ የሚመገቡት እጮች ቀለባቸውን ያጣሉ። በፖርቹጋልና በስፔን የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት የባሕር ዛፍ ቅጠል ለእነዚህ ነፍሳት የሚመች ምግብ አይደለም። እጮቹ ሲጠፉ እነሱን የሚመገቡት ዓሦችና ወፎችም ይጎዳሉ።

መፍትሔው ከአርሶ አደሩ አቅም በላይ አይደለም። በማሳውና በጅረቱ መካከል ያልታረሰ የሣርና የዛፍ መቀነት መተው፣ ዶቅማንና አኻያን የመሳሰሉ የወንዝ ዳር ዛፎችን መጠበቅ፣ መርጫን ከውኃ ርቆ ማጠብ፣ ከብቶችን ጅረቱ ውስጥ ከማስገባት ይልቅ በገንዳ ማጠጣት ይቻላል። ልማት ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶችም በበጋ ወራት ከማሳ በላይና ከማሳ በታች ያለውን የጅረት ክፍል ድንጋይ እየገለበጡ ማነጻጸር ይችላሉ። ከላይ በርካታ ቤት ሠሪዎች ተገኝተው ከታች ከጠፉ፣ በመካከሉ ያለውን መፈተሽ ይገባል።

ይሁንና ጥንቃቄ ያሻል። የእጮቹ መኖር ውኃው ከበሽታ አምጪ ተሕዋስያን ነጻ ነው ማለት ስላልሆነ የመጠጥ ውኃን ማፍላት ወይም ማከም አይቀርም። እጮቹ የሚናገሩት ሌላ ነገር ነው፤ ጅረቱ ራሱ በሕይወት መኖሩን። ያን ምስክርነት ለመስማት ድንጋዩን ገልብጦ ማየት፣ አይቶም በነበረበት ቦታ መመለስ ይበቃል።